መሪ የሌለው ጋቢና

ባቡር መሪ የለውም። ይህን ሁሉም ሰው ያውቀዋል፣ ቆም ብሎ የሚያስበው ግን ጥቂት ነው። የመኪና ጋቢና የለመደ ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ የሎኮሞቲቭ ጋቢና ውስጥ ሲገባ ዓይኑ ሳያስበው መሪ ይፈልጋል። የለም። የፍጥነት እጀታ አለ። ሁለት የፍሬን እጀታዎች አሉ፤ አንዱ ሎኮሞቲቩን ብቻ፣ ሌላው ጠቅላላውን ባቡር የሚይዝ። ጡሩምባ አለ፣ ሰዓት የሚመስሉ መለኪያዎች አሉ። ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ የሚያዞር ነገር ግን አንድም አታገኙም። መዞሪያው ሁሉ አስቀድሞ መሬት ላይ ተቀምጧል። ከጅቡቲ የተነሳው ሐዲድ ድሬዳዋ የደረሰው እ.ኤ.አ. በ1902፣ አዲስ አበባ የደረሰው በ1917 ነው። በ1970ዎቹ ዓ.ም. በዚያ መስመር ላይ ባቡር ይነዳ የነበረ ሰው የሚታጠፈው አያቶቹ በቆፈሩት ኩርባ ነበር።

አማርኛችን ለመኪናውም ለሰውም “መሪ” የሚለውን አንድ ቃል መስጠቱ ነገሩን ያጓጓል። እሱን ተከትሎ ወደ ፖለቲካ መግባት ቀላል ነበር፣ አልገባም። እኔን ለዓመታት ያሰለቸኝ ጥያቄ ከዚያ ያነሰ ይመስላል፣ ምናልባትም ይበልጣል፦ መዞር የማይችል ሰው በምን ይጠየቃል? ከፊት ለፊት ቁጭ ብሎ የሚመጣውን ሁሉ የሚያይ፣ ግን ጥሎት መሄድ የማይችል ሰው፣ ለሚሆነው ነገር ባለቤቱ ነው ወይስ ተመልካቹ?

ጥያቄው ከመጽሐፍ የመጣ አይደለም። አጎቴ የባቡር ነጂ ነበር። በ1970ዎቹ መጀመሪያ፣ የሶማሊያ ጦርነት አፈራርሷቸው የነበሩት ድልድዮች ተጠግነው ባቡሩ እንደገና ሲሠራ፣ ትምህርት ቤት በተዘጋ ቁጥር ከድሬዳዋ ተነስቶ ወደ ሁርሶ፣ ወደ ኤረር፣ ወደ አፍደም፣ አንድ ሁለት ጊዜም እስከ ሚኤሶ ጋቢና ውስጥ ይዞኝ ሄዷል። መቀመጫዬ የመፍቻ ሣጥን ነበር። ላዩ ላይ የታጠፈ ጆንያ ይደረግልኛል፤ ያም ሆኖ የሞተሩ ንዝረት ጥርስ ያንቀጫቅጫል። ሙቀቱ ከበረሃው ሙቀት ጋር ተደምሮ ሌላ ነገር ነው። ናፍታው ልብስ ውስጥ ገብቶ ሁለት ቀን አይለቅም፤ እናቴ ገና በር ላይ ሳለሁ የት እንደነበርኩ ታውቃለች። በሩ አጠገብ ከሠራተኛ በቀር መግባት ክልክል መሆኑን የሚናገር ጽሑፍ ተለጥፎ ነበር። አጎቴ ጃኬቱን የሚሰቅለው እዚያ ላይ ነበር።

ጋቢና ውስጥ መቀመጥ ከመንገደኛው መቀመጫ በአንድ ነገር ይለያል። መንገደኛው ዓለምን በጎን ነው የሚያየው። ግራሩ፣ ኩይሳው፣ ፍየል ጠባቂው ልጅ ለእሱ የሚታዩት ሲያልፉ ነው። አየሁ ሲል አልፈዋል፤ ስለዚህ የሚያየው ነገር ሁሉ ያለቀ ነገር ነው፣ ያለ ሐሳብ ሊደሰትበት ይችላል። ጋቢና ውስጥ ግን ዓለም ይመጣል። ነጥብ የነበረው ነገር ያድጋል፣ ቅርጽ ያወጣል፣ ሰው ይሆናል ወይም ድንጋይ ይሆናል። ማታ ማታ ደግሞ መብራቱ ሐዲዱ ላይ የዓይን ብልጭታ ያወጣል። የጅብ ይሁን የድኩላ አይታወቅም፤ ብዙ ጊዜ እንስሳው የብርሃኑ ጠርዝ ግድግዳ መስሎት ሐዲዱን ትቶ ከመውጣት ይልቅ ወደፊት ይሮጣል።

ማየት ታዲያ ምን ይጠቅማል? በጣም ትንሽ። ባቡር ከባድ ጭነት በቀላሉ የሚጎትተው ብረት በብረት ላይ ስለሚንከባለል ነው፤ ያው ምክንያት ቶሎ እንዳይቆም ያደርገዋል። የፍሬኑ ትእዛዝ በቧንቧ ከፉርጎ ፉርጎ እየተቀባበለ እስኪዳረስ፣ ጎማው እስኪይዝ፣ ክብደቱ እስኪሸነፍ ድረስ ጭነት ያለው ባቡር ብዙ መቶ ሜትር፣ አንዳንዴም ከኪሎ ሜትር በላይ ይሄዳል። ዓይን በኩርባ ውስጥ ይህን ያህል አያይም። እንግዲህ ነጂው አንድን ነገር ባየበት ሰዓት፣ ብዙ ጊዜ፣ ጉዳዩ ተወስኗል።

ስለዚህ ጥሩ ነጂ በዓይኑ አይነዳም። አጎቴ የሚነዳው በትዝታ ነበር ብል ማጋነን አይደለም። ምንም በማይታይበት ቦታ ፍጥነት ይቀንሳል፤ ለምን ስለው “እዚህ ጋ ከሰዓት በኋላ ልጆች ፍየል ያሻግራሉ” ይለኛል። ባዶ ኮረብታ ላይ ጡሩምባ ይነፋል። ደረቁ ወንዝ ጋ፣ ሰማዩ ጠርቶ ሳለ፣ ቀስ ይላል፤ ዝናቡ እኛ ዘንድ ሳይሆን ሐረርጌ ደጋ ላይ እንደሚዘንብና ጎርፉ ግን ወደዚህ እንደሚወርድ ያውቃላ! እኔ ልጅ ስለነበርኩ ይህን ፍርሃት ይመስለኝ ነበር። ሌላ ነጂ ደፍሮ ሲያልፍ አይቼ እሱን የበለጠ ጎበዝ አድርጌ አስቤያለሁ።

አንድ ቀን ጠዋት ከኤረር አልፈን ወደ አፍደም ስንሄድ፣ ሐዲዱ ኮረብታውን ሰንጥቆ በሚታጠፍበት ቦታ፣ አጎቴ እንደ ልማዱ ገና ሳይደርስ ጡሩምባውን ነፋ፣ ፍጥነትም ቀነሰ። ስንታጠፍ ግመል ሐዲዱ መሐል ቆማለች። ግልገሏ ከጎኗ ሆኖ ወደ ጥጉ ወጣ፤ እሷ አልወጣችም። ፍሬኑን እስከ መጨረሻው ሳበው። ጡሩምባውን ደገመ።

ከዚያ በኋላ የሚሠራ ነገር አልነበረም። እስቲ ይህን አስቡት። ሰው በሕይወቱ ውስጥ ማድረግ ያለበትን ሁሉ አድርጎ፣ እጁ ባዶ ሆኖ፣ የሚሆነውን ቁጭ ብሎ የሚጠብቅበት ሰዓት ብዙ አይገጥመውም። ምናልባት አሥር ሴኮንድ ነው። ረዳቱ ፊቱን አዞረ። አጎቴ አላዞረም። ዓይኑን ከግመሏ ላይ ሳይነቅል እስከ መጨረሻው አያት። ድምፁ ትንሽ ነው፣ በር የተዘጋ ያህል። ባቡሩ ቆሞ ሳይጨርስ ከኋላ በኩል መንገደኞች አንገታቸውን በመስኮት አውጥተው “ምንድነው? ምን አቆመው?” ይላሉ። አልፈርድባቸውም፣ እነሱ የተሰማቸው መንገጫገጭ ብቻ ነው።

ያ አካባቢ የኢሳ ሶማሌዎች አገር ነው። ከየት መጡ ሳይባል አንድ ጎረምሳና ሁለት ሽማግሌዎች መጡ። አጎቴ እንደ ብዙው የድሬዳዋ ሰው ሶማሊኛ ይችላል። ወርዶ ሰላምታ ሰጣቸውና አንድ ነገር አላቸው። ረዳቱም ስለሚሰማ ወዲያው ተቆጣ። በኋላ እንደገባኝ፣ አጎቴ ያለው “ግመላችሁ ተገጨች” አልነበረም፤ “ግመላችሁን ገድያለሁ” ነበር።

“ምን ነካህ? እኛ ምን አጠፋን? ሐዲድ ላይ የቆመችው እሷ!” አለ ረዳቱ በአማርኛ።

“አቦ፣ አጠፋሁ መቼ አልኩ? ገደልኩ ነው ያልኩት።”

በዚህች መልስ ላይ ብዙ ዓመት ኖሬባታለሁ። በአማርኛ አድራጊውን መደበቅ ቀላል ነው፤ ‘ተ’ን መጨመር ብቻ ነው። ተገጨ፣ ተሰበረ። የቢሮ ደብዳቤ ሁሉ በዚህ የተሞላ ነው፦ “ስህተት ተፈጽሟል”። ማን ፈጸመው? ደብዳቤው አያውቅም። አጎቴ ግን ሌላ ልዩነት ነበር የሚያየው። ማጥፋትና ማድረግ ለየቅል ናቸው። ያላጠፋ ሰው ያደረገውን አላደረግሁም ሊል አይችልም። እጁ ንጹሕ ነው፤ ግን እጁ ነው።

በርናርድ ዊሊያምስ የሚባል የእንግሊዝ ፈላስፋ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ስለ “የምግባር ዕድል” በጻፈው ጽሑፍ ውስጥ ተመሳሳይ ሰው አለ። የጭነት መኪና ሹፌር ነው፤ ምንም ጥፋት ሳይኖርበት ሕፃን ገጭቶ ይገድላል። ዊሊያምስ እንደሚለው የዚህ ሰው ጸጸት ዳር ቆሞ ካየው ሰው ኀዘን የተለየ ነው። እኛም ሹፌሩን “አንተ ምን ታደርግ” ብለን ልናጽናናው እንሞክራለን፣ መሞከራችንም ተገቢ ነው፤ ሆኖም ቶሎ ተጽናንቶ “እውነት ነው፣ እኔ ምን ላድርግ” ብሎ ምሳውን የሚበላ ሹፌር ቢገጥመን እንጠራጠረዋለን። ጥሩ ታዝቧል። ግን የእሱ ሹፌር ጸጸቱን ይዞ ብቻውን ቤቱ ይገባል። ስሜቱ የሚሄድበት ቦታ የለውም።

ከዚህ ላይ የኢሳዎቹ ሕግ ይበልጥብኛል። ሔር ይሉታል። በቃል ሲወርድ ሲዋረድ የመጣ ሕግ ነው፤ ዩኔስኮም እ.ኤ.አ. በ2024 በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ውስጥ አስፍሮታል። በሶማሌዎች ልማድ ሰው ሳያስብ ነፍስ ቢያጠፋ እንኳ ካሳ አለ፣ ማግ ይባላል፤ ለወንድ ነፍስ በተለምዶ መቶ ግመል። አንድ ሰው ብቻውን አይከፍለውም፣ ወገኖቹ ያዋጡለታል። “ሆን ብለህ ነው ወይ?” የሚለው ጥያቄ ይጠየቃል፣ ግን መጨረሻው እሱ አይደለም። አልፈለግክም፤ ሆነ ግን፤ እንግዲህ ተቀመጥና እንቁጠር። ቁጥሩ ሟቹን አይመልስም፤ የገደለውን ሰው ግን ከሞተበት ሰው ቤተሰብ ጋር እንደገና አንድ ዛፍ ሥር ያስቀምጠዋል። ጸጸት መልክና መጠን አገኘ ማለት ነው።

የግመሏ ጉዳይ ከዚህ ያነሰ ነበር፤ ሥርዓቱ ግን ያው ነው። ሽማግሌዎቹ እንዴት እንደሆነ መስማት ፈለጉ፣ ለካሳውም ወረቀት ይጻፋል። ጡሩምባው መቼ ተነፋ? ረዳቱ ከመታጠፋችን በፊት ነው አለ። ጎረምሳው አልሰማሁም አለ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ጋቢናው በር ላይ የተንጠለጠልኩትን እኔን አየኝና አጎቴን አንድ ነገር ጠየቀው። አጎቴ ትንሽ ዝም አለ። ከዚያ ጠራኝ። “እዚህ ደመወዝ የማይበላው እሱ ነው፣ እሱ ይናገር ይላሉ። ያየኸውን ንገራቸው፤ ያላየኸውን አትጨምር።”

መጀመሪያ ጡሩምባው ተነፋ፣ ከዚያ ታጠፍን፣ ከዚያ ግመሏን አየናት አልኩ። አጎቴ ቃል በቃል ተረጎመ። ሽማግሌው ራሱን ነቀነቀ። በቃ፣ ይኸው ነው።

ቀጣዩ ጣቢያ ላይ ሪፖርቱ ሲጻፍ ግን የእኔ ምስክርነት አብሮ መጻፍ ነበረበት። ሲጻፍ ደግሞ ጋቢና ውስጥ ሕፃን እንደነበረ ይታወቃል። ጸሐፊው ብዕሩን አንስቶ “እሱን እንተወው ይሆን?” እንዳለ ትዝ ይለኛል። አጎቴ “ጻፈው” አለ። ማስጠንቀቂያ ደረሰው። ከዚያ በኋላ አንድ ዓመት ያህል ጋቢና ውስጥ አልወጣሁም። ደንቡ ትክክል ነበር፤ ሕፃን እዚያ ምንም ሥራ የለውም፣ የነጂን ዓይንም ይሻማል። ለእኔ ያደረገው ደግነት ከሌላ ሰው ደኅንነት ላይ ተቆንጥሮ የተሰጠ ደግነት ነበር ቢባል መልስ የለኝም። ደስታዬ ግን አሁንም አልቀነሰም፣ ይህን ሁለቱን አስታርቄ አላውቅም።

በኋላ ዩኒቨርሲቲ ስገባ ፈላስፎች ስለ ሐዲድ ብዙ እንደሚያወሩ አወቅሁ። ፊሊፓ ፉት እ.ኤ.አ. በ1967 ያመጣችው ምሳሌ ታዋቂ ነው፦ ከቁጥጥር የወጣ ትራም አለ፤ በአንዱ ሐዲድ ላይ አምስት ሠራተኞች፣ በሌላው ላይ አንድ። ነጂው ወደየት ያዙር? ጁዲት ጃርቪስ ቶምሰን በ1976 ነገሩን አዞረችው። ነጂው ፍሬኑ እምቢ ማለቱን ጮኾ ተናግሮ በድንጋጤ ይሞታል፤ አብሮት የተሳፈረ ፍራንክ የሚባል መንገደኛ ማዞር ይችላል። ነጂው ሳያዞር ቢቀር አምስት ሰው ገደለ እንላለን፤ ፍራንክ ቢተወው ግን ገደለ አንልም ይሆናል፣ ትራሙ የእሱ አይደለምና። ፍራንክን ሳነብ ሳቄ መጣ። የመፍቻ ሣጥኑ ላይ የተቀመጥኩት እኔ ነኝ።

ለአጎቴ ይህን ምሳሌ አጫውቼዋለሁ። መጀመሪያ የጠየቀኝ “መሪ አለው እንዴ?” ብሎ ነው። ሐዲድ የሚያዛውረው ጣቢያ ያለ ሠራተኛ ነው፣ ነጂ አይደለም። ትራም ነው፣ ምሳሌ ነው አልኩት። እሺ አለና፣ አምስቱ ሰዎች ሲሠሩ ባንዲራ የሚይዝላቸው ሰው የት ሄደ? ነጂው ሰው የሚሠራበት ቦታ ሲቃረብ ለምን በዚያ ፍጥነት መጣ? ፍሬኑንስ ከመነሻው ማን ፈተሸው? ፈላስፎች እነዚህን ጥያቄዎች የሚያስወግዱት አውቀው ነው፤ አንዱን ነገር ብቻውን ለማየት ነው፣ መብታቸው ነው። ነገር ግን ለአጎቴ ምግባር የሚባለው ነገር ያለው እነሱ ባስወገዱት ክፍል ውስጥ ነበር። ምሳሌው የሚጀምረው ሥራው ካለቀ በኋላ ነው። አምስት ወይስ አንድ ብሎ የሚያሰላ ነጂ አሥር ሴኮንዱ ውስጥ የገባ ነጂ ነው፣ አሥሩ ሴኮንድ ውስጥ ደግሞ ማንም ጀግና ሆኖ አያውቅም።

ይህን ሲለኝ ምን እያሰበ እንደነበር አውቃለሁ። በጥር 1977 ዓ.ም. አዋሽ አካባቢ የመንገደኞች ባቡር በኩርባ ድልድይ ላይ ከሐዲዱ ወጥቶ ገደል ገባ። ከ400 በላይ ሰው ሞተ። ዘመኑ የድርቁ ዘመን ነበር፤ አገሩ በሌላ ሞት ተሞልቶ ስለነበር ይህኛው እንደ ስፋቱ ሳይለቀስለት አለፈ ብዬ አስባለሁ። በወቅቱ የተነገረው ምክንያት ባቡሩ ኩርባው ላይ ፍጥነት አለመቀነሱ ነው፤ ነጂው መያዙም ተነገረ። በሠፈራችን ብዙ ቤት ድንኳን ተተከለ። ነጂዎቹ እርስ በርስ ሲገናኙ ስለ ሰውየው አያወሩም ነበር። አጎቴም አላወራም፤ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ያውም ለቀስተኛ ሁሉ ነጂውን ሲረግም ቆይቶ ከሄደ በኋላ፣ “ኩርባው ላይ ሰው የለም። ሰውየው ያለው ከኩርባው በፊት ነው” አለ።

ለሰውየው ጥብቅና መቆሙ ይሁን ፍርድ መስጠቱ ያኔ አልገባኝም። አሁን ሁለቱንም ይመስለኛል። ኩርባው ላይ የተቀመጠውን ሰው አትርገሙት፣ እሱ የእናንተን ያህል ምንም ማድረግ አይችልም። ከሁለት ኪሎ ሜትር በፊት የነበረውን ሰው ግን ጠይቁት፤ እሱ ነጻ ነበር። የሚያስፈራውም ይኸው ነው፤ ነጻነት ያለው ምንም በማይታይበት፣ ሰማዩ በጠራበት፣ መንገደኛው በሚያንቀላፋበት፣ ፍጥነት መቀነስ ፈሪ በሚያስመስልበት ቦታ ላይ ነው። ማንም አያጨበጭብም። ያልደረሰ አደጋ ምስክር የለውም።

አሁን በዚያ መስመር ፋንታ በኤሌክትሪክ የሚሄድ ሌላ ባቡር አለ፣ እ.ኤ.አ. በ2016 የተመረቀ። የድሬዳዋ ጣቢያው ከከተማው ውጭ ነው፤ ልጅ በእግሩ ሄዶ ነጂ የሚለምድበት ቦታ አይደለም፣ ምናልባት ይሻላል። ግመልና ከብት መገጨቱ ግን አልቀረም፤ ካሳውም እንደዚያው በዜና ሲነሳ ይሰማል። ዜናው “ተገጭተው ሞቱ” ነው የሚለው።

አጎቴ ጡረታ ከወጣ በኋላ ታክሲ ሲሳፈር ሁልጊዜ ጋቢና ነበር የሚቀመጠው። አብሬው ስሄድ ከኋላ ሆኜ አየዋለሁ። መታጠፊያ ሲቃረብ፣ ገና ሃምሳ ሜትር ሲቀር፣ ቀኝ እጁ ጉልበቱ ላይ ይዘጋና ወደ ራሱ ይስባል። አንዱ ባለታክሲ አይቶት “አባባ፣ ፈሩ እንዴ?” አለው። “አይ፣ አንተ ንዳ” አለና እጁን ሳይፈታ መንገዱን ማየቱን ቀጠለ።